የዳነችው አይጥ

የአክስቴ ልጅ ሪያድ ከተማ፣ ዑረይጃ በሚባል ሰፈር የቤት ሠራተኛ ነበረች። እኔ ደግሞ እዚያው ከተማ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ አይጦችን ካንሰር አስይዤ አክም ነበር። አይጧን የወርቅ ብናኝና የተኛ መድኃኒት እንወጋታለን። ዕጢው ላይ ጨረር ስናበራ ወርቁ ሞቆ ዕጢውን ያዳክመዋል፤ መድኃኒቱን ደግሞ ዕጢው ውስጥ ያለው ኢንዛይም ይቀሰቅሰዋል። ሌላው ገላ አይነካም። ሲያወሩት እንዴት ደስ ይላል!

ፖሊስ ወረቀት የሌላቸውን ሐበሾች አፍሶ ካባረረ በኋላ በነበረው ዓመት፣ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ የአክስቴ ልጅ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣ። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ አሠሪዋ ማዳም እጅ ስለሆነ ያለ እሷ ሆስፒታል መሄድ አትችልም። ልለምናት ሄድኩ። ሻይና ተምር አቀረበችልኝ።

«አንቺ ምንድን ነው የምትሠሪው?» አለችኝ።

ብታከብረኝ ብዬ ሥራዬን በዚያ በተሰባበረ ዓረብኛዬ አስረዳኋት። ከሁሉም የሰማችው ሙቀት የሚለውን ብቻ ነው።

«አያቶቻችንም በእሳት ነበር የሚያድኑት። ኸላስ፣ በቃ፣ እኔ አሳክማታለሁ።»

«ሆስፒታል ነው የሚያስፈልጋት» አልኳት።

«ኢንሻአላህ» ብላ ሸኘችኝ።

ዓርብ ዕለት የአክስቴ ልጅ ባዲዓ ሰፈር ያለው ቤቴ መጥታ ልብሷን ገለጠች። ከከተማ ውጭ ያለ አንድ ሽማግሌ ጡቷን በጋለ ብረት ተኩሷታል። እጇን ጠምዝዛ የያዘችው ማዳም ራሷ ናት።

«እህትሽ ያለችው ሕክምና ነው አለችኝ» አለች።

ያቺን ሴት ዛሬም ጠልቼ አልጠግባትም። የአክስቴ ልጅ ረመዳኑን ሙሉ ቁስሏን በጨርቅ ጠቅልላ ሳምቡሳ ጠበሰችላቸው። ዒድ ሲያልፍ፣ ቁስሉ መሽተት ሲጀምር፣ ማዳም የመጨረሻ መውጫ ቪዛ አስመትታ ወደ አገሯ ሰደደቻት። አዲስ አበባ ያዩዋት ሐኪሞች ካንሰሩ ጉበቷ ደርሷል አሉ።

ታኅሣሥ ላይ ደወልኩላት። ድምፅዋ ደክሟል።

«አይጦችሽስ?» አለችኝ።

«አንዷ ዳነች። ዕጢው ድራሹ ጠፋ።»

«እሰይ። አሁን የት ናት?»

ልዋሻት ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም።

«ገደልናት። ውስጧን ከፍተን ማየት ነበረብን።»

ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ዞረ።

«ማዳም ትሻላለች በይኛ። እሷስ ለእናቴ መልሳኛለች» አለችኝ።

ለጥምቀት አልደረሰችም።