«አገር ቤት ሄዷል»

ባለቤቴ ሲያስለው ድምፁ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሬድዮኑን ከፍ አደርግ ነበር። ካዛንቺስ ውስጥ በነበርንበት ግቢ ስድስት ተከራይ ነበር፤ ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ አንዱ ቤት የወደቀ ማንኪያ ሌላው ቤት ይሰማል። በዚያ ዘመን ከስቶ የሚያስል ሰው ሁሉ በሽታው አንድ ነው ይባል ነበር። ከእኛ በፊት የነበረውን ተከራይ አከራያችን ያስወጡት በዚሁ ነው። እኔ ሦስት ልጆች ነበሩኝ፤ ትንሿ ገና በእግሯ መሄድ አልጀመረችም።

ስለዚህ አልጋውን በመጋረጃ ጋረድኩና ለጠየቀኝ ሁሉ «እናቱ ታመው አገር ቤት ሄዷል» አልኩ። ፌጦ በማር አበላዋለሁ። ሐኪም ቤት እንሂድ ሲለኝ «ትንሽ ይሻልህና፣ በእግርህ ስትወጣ» እለዋለሁ። ሰው ደግፎት ሲወጣ እንዳይታይብኝ ነበር። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ የሳንባ በሽታ በመድኃኒት እንደሚድን አላውቅም ነበር ብል ግን ውሸት ነው። ሰምቻለሁ። ፈራሁ እንጂ።

ባለቤቴ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን የወንዶች ማኅበር ውስጥ ነበር። አባላቱ ሃያ አይሞሉም፤ ሹፌር አለ፣ ልብስ ሰፊ አለ፣ ለገሃር ጨርቅ የሚሸጥ አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማን እንደቀረ ይጠያየቁና ቤቱ ይሄዳሉ። የታመመ ያስታምማሉ፣ ጣራው ለሚያፈስ ቆርቆሮ ይመታሉ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ አናጢ ነበሩ። «መንገድ ላይ ላለው ወንድማችን» ብለው ሲያስጸልዩ እኔም ከሴቶቹ መሐል «አሜን» እላለሁ።

ቤት ስመለስ «ምን አሉ?» ይለኛል። ውሸቴን ለእሱም አልነገርኩትም።

«ሰላም ብለውሃል።»

«ታዲያ ለምን አይመጡም?»

«ሥራ በዝቶባቸው ነው።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

አንድ ነገር አላሰብኩም። የዚያ ማኅበር ሰዎች የአባል እናት ታመዋል ሲባል ዝም አይሉም። ሁለት ሰው መርጠው፣ ስኳርና ሳሙና አስይዘው፣ በአውቶቡስ እናቱ ወዳሉበት ጉራጌ አገር ላኩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሰብሳቢው አምስት ሰዎች አስከትለው ቤታችን ገቡ። ሬድዮኑ ባትሪው አልቆ ዝም ብሏል።

«ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሉኝ። አልተቀመጥኩም።

«እናቱ ደኅና ናቸው፤ እንሰት ሲፍቁ ነው ያገኘናቸው» አለ ከተላኩት አንዱ። «እሱ ግን አልደረሰም። ከመስቀል ወዲህ አላየሁትም አሉን። ይኸው እያለቀሱ ትተናቸው መጣን።»

«አትደንግጪ፣ ተከፋፍለናል» አሉ ሰብሳቢው። «ሁለቱ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳሉ፣ ሁለቱ ሆስፒታል ያያሉ። ሬሳ ቤት ደግሞ እኔው ራሴ... ምን ለብሶ ነበር የወጣው?»

ከመጋረጃው ጀርባ ሳል ተሰማ። ሁሉም ወደ መጋረጃው ዞሩ።

«ቡናማ ሹራብ ነው የለበስኩት» አለ እሱ ከውስጥ። «ግቡ እንጂ።»

ሰብሳቢው መጋረጃውን ገለጡ። «አንተ ሰውዬ! እነዚህ ወገባቸው የተቆረጠው አንተን ፍለጋ ነው» አሉት። ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ መሐረቡ በደም ራሰ። እኔን ማንም ምንም አላለኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አንዱ ቃሬዛ ላምጣ ሲል ሰብሳቢው ተቆጡ። «ያ የቀብር ነው! ወንበር አምጡ።» ወንበር ላይ አስቀምጠው ለአራት አነሱትና በጠራራ ፀሐይ፣ ግቢው በሙሉ እያየ፣ ይዘውት ወጡ። አከራያችን ምንም አልጠየቁም። የግቢውን በር ወለል አድርገው ከፈቱልን።

ሐኪሙ መርምሮት ወደ እኛ ዞረ። «እስካሁን የት ነበራችሁ? ይኼ እኮ የሚድን በሽታ ነበር።»

ሰብሳቢው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኛ ነን ያዘገየነው፣ ዶክተር» አሉ።

«እኔ ነኝ» ልል ነበር። አላልኩም።

ወንድሞቹ ተራ ገብተው አስታመሙት፤ አባ መጥተው ለሕሙማን የሚቀባውን የቀንዲል ዘይት ቀቡት። በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ያን ጊዜ ቃሬዛውን አመጡት።

ሰብሳቢውም ከዓመታት በኋላ አረፉ። ለቅሷቸው ላይ ያዘገየሁት እኔ መሆኔን ልናገር አስቤ ሄጄ፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ እንደያዝኩ ተነሥቼ መጣሁ።