ለተኛ እጅ የተሰፋ ጓንት

እኛ፣ በትንሽ ሰው ጉዳይ ላይ እንድናውጅ ማንም ሥልጣን ያልሰጠን፣ ለጂንካና ለአካባቢዋ ሰፊ ሕዝብ፣ ለጨዋውም ለባለጌውም የሚከተለውን አውጀናል፦ አስቻለች ኤርጎ የተባለች፣ ቁመቷ ከሱቋ መስኮት እምብዛም የማያልፍ ሴት፣ የሴቶች የቆዳ ጓንት ሰፊ ሆና በገበያው ዳር ተሰይማለች። ነጋሪት አይጎሰምም፤ የመቀሷ ድምፅ ይበቃል።

አሁን ወደ ምድር እንውረድ።

አስቻለች ከጂንካ አቅራቢያ የምትገኘው የካኮ ከተማ ቆዳ ፋቂ የኤርጎ ልጅ ናት። ኤርጎ የፋቀው ቁርበት ያልተነጠፈበት ቤት በአካባቢው አልነበረም። ሰዉ በኤርጎ ቁርበት ላይ ተኝቶ ልጅ ይወልዳል፣ ታሞ ይድናል፤ ኤርጎን መንገድ ላይ ሲያገኘው ግን እጁን አይጨብጠውም። በጣም ደግ የሆነ ቀን፣ ጭቃ እንደነካው ሰው እጁን አጥፎ አንጓውን ይዘረጋለታል። እሁድ «ሁላችን አንድ ነን» ብሎ የዘመረ ጉሮሮ ሰኞ «እሱ እኮ ፋቂ ነው» ይላል። ጉሮሮ መቼም ሰፊ ነው፤ ለሁለቱም ይበቃል።

ልጅቷ አዲስ አበባ ሄዳ በአንድ የጓንት ፋብሪካ ለዓመታት ሠራች። የበግ ቆዳ አርጥቦ መሳብ፣ በጣትና በጣት መካከል የሚገባውን ቀጭን ቁራጭ መስፋት፣ አውራ ጣቱን ለብቻው ቆርጦ መግጠም እዚያ ተማረች። በ2009 ዓ.ም. አባቷ ሲታመም ተመለሰች፤ ከቀበረችው በኋላም እዚሁ ቀረች። ለሙሽሮች ነጭ የቆዳ ጓንት ልትሰፋ ጂንካ ላይ ሱቅ ከፈተች።

ከተማው ሳቀ። «በዚህ ሙቀት የቆዳ ጓንት!» አለ፤ በጥር ፀሐይ ሙሽራው ሱፍ ከነገበሩ ለብሶ ላቡ ሲንጠፈጠፍ አንድ ቀን ስቆ የማያውቅ ከተማ።

ሳቁስ ባልከፋ። ጥሩ ጓንት የሚሰፋው ግን እጅ ተይዞ ነው፤ ጣቶቹ ታጥፈው፣ ተዘርግተው፣ መዳፉ ተዳሶ። የጂንካ እመቤቶች ጓንቱን ወደዱት፤ እጃቸውን ለፋቂ ልጅ መስጠቱን አልወደዱትም። አንዷ ልኳን በክር ላከች። ሌላዋ «የቤት ሠራተኛዬን ለኪያት፣ እኔን ታህላለች» አለች። በዚህ መሀል ፋብሪካው ደወለ፤ ቦታዋን እስከ ጥር መጨረሻ እንደሚያቆይላት ነገራት። አስቻለች ቆረጠች፦ እስከዚያ አንዲት ሴት እጇን ካልሰጠቻት፣ ሱቁን ዘግታ ትሄዳለች።

ጥር እንደገባ ወይዘሮ ጥሩዬ መጣች። ጥሩዬ ቬሎ አከራይ ናት፤ የከተማው ሙሽራ ሁሉ በእሷ ቤት ያልፋል። አሁን ደግሞ የገዛ ልጇን ኤፍራታን ልትድር ነው። አንድ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ወረወረች።

«ይኸው የልጄ እጅ። በከሰል ዙሪያውን አስምሬዋለሁ። ሌላውን ገልብጠሽ ስፊው።»

«እትዬ ጥሩዬ፣ ልጅቷ ራሷ ብትመጣ…»

«ሥራ አላት። አንቺ ካርቶኑን ስፊ!»

አስቻለች ካርቶኑን ሰፋች።

ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ጥሩዬ እየጮኸች ተመለሰች፤ ኤፍራታም ከኋላዋ። ጓንቱ ከጣቶቿ ግማሽ በላይ አልገባም ብሏል።

«ይሄ ጓንት ነው? ለአሻንጉሊት ነው የሰፋሽው?»

አስቻለች ካርቶኑን አውጥታ ጓንቱን በላዩ ላይ አስተኛችው። አንድ ፀጉር አላለፈ፣ አንድ ፀጉር አልጎደለ።

«እትዬ፣ ልክ ነው እኮ። ካርቶኑን ይዳሩት።»

ኤፍራታ ሳቋ አመለጣት።

«ግን ይሄ እጅ እንዴት ነው የተሣለው?» አለች አስቻለች። «ጣቶቹ ኩምትር ብለዋል።»

«ተኝቼ ነዋ የሣለችኝ! ራሴ ሄጄ እለካለሁ ብላት እምቢ አለች። ከዚያ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ጠብቃ…»

«ዝም በይ አንቺ!»

በዚህ አገር ብዙ ነገር ተሰርቋል፤ የልጅን እጅ በእንቅልፍ ልቧ መስረቅ ግን የጥሩዬ ፈጠራ ነው።

«እንግዲያው የሰፋሁት ለተኛ እጅ ነው» አለች አስቻለች። «የነቃ እጅ ካለሽ፣ ሙሽሪት፣ ወዲህ በይ።»

ኤፍራታ እጇን ሰጠቻት። ጥሩዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ያለፈውን ዓመት ካላንደር ታነብ ጀመር። አስቻለች እጁን እንደያዘች ለአፍታ ሳትለካ ቆየች።

«ምነው?» አለች ኤፍራታ።

«ምንም። እጅሽ ይሞቃል።»

በሠርጉ ቀን ጓንቱ እንደ ገላዋ ተቀመጠ። ሚዜዎቹ አዩት፤ የሚዜዎቹ እናቶችም አዩት። በሳምንቱ ሴቶቹ እጃቸውን በነጠላ ሸፍነው ሱቁ በራፍ ላይ ይቆሙ ጀመር፤ ምንም እንዳልፈለጉ፣ ዝም ብለው እንዳለፉ። እየገቡም እጃቸውን አወጡ። ጥር ሳያልቅ አስቻለች ለፋብሪካው ደወለች፦ «ቦታዬን ለሌላ ስጡልኝ።»

የመጨረሻዋ መጪ ጥሩዬ ነበረች። ለራሷም አንድ ጥንድ ጓንት አምሯት ኖሯል። በልማዷ አንጓዋን ዘረጋች።

«እትዬ፣ ከአንጓ ጓንት አይወጣም።»

ጥሩዬ መንገዱን ግራ ቀኝ አየች። ሰው የለም። ጡጫዋ ቀስ ብሎ ተፈታ። ለውጥ ለውጥ ስንል በወረቀት ብዛት ጫካ ጨርሰናል፤ ለካ ለውጥ ማለት አምስት ጣት ኖሯል።

አንተስ፣ አንባቢ ሆይ? በጥሩዬ እየሳቅህ ነው አይደል? ቀበቶህን ማን ፋቀው? ጫማህንስ? ጂንካ ስትመጣ ሱቋ ግባ፤ አስቻለች እጇን ቀድማ ትዘረጋለች፣ አባቷ ያልቻለውን ችላለችና። እስከዚያው ልምምድ አይጎዳህም፦ እስቲ አሁን፣ ማንም ሳያይህ፣ ቀኝ እጅህን ከኪስህ አውጣና ጣቶችህን አንድ በአንድ ፍታ…