እጃጂ ላይ ለሽምግልና የቀረበው ፊልም

ረቡዕ ንጋት፣ ከአዲስ አበባ

ጋሽ አየለ ደጄ ላይ ክላክስ ሲያደርግ ገና ጎህ መቅደዱ ነበር። የመኪናው ጀርባ በጄኔሬተሩ፣ በፕሮጀክተሩና በተጠቀለለው ነጭ መጋረጃ ተሞልቷል። የፊልሞቹ ቆርቆሮዎች ግን የተደረደሩት ከፊት፣ እኔ ከምቀመጥበት ሥር ነው።

«እታለም፣ እግርሽን የት ልታደርጊው ነው?» አለኝ።

«አንተ የት ይሁን ትላለህ?»

«ቤት ትተሽው ብትመጪ ጥሩ ነበር።»

ጋሽ አየለ ሾፌርም ነው፣ ፊልም አሳዪም ነው። ጉልበቴን አገጬ ሥር አድርጌ ተሳፈርኩ።

የያዝነው ሦስት ፊልም ነው፤ አንዱ የዘፈን፣ አንዱ የጦርነት። ሦስተኛው በዚህ የጋዜጣ ዓምድ ላይ ደጋግሜ የጻፍኩበት ነው። ከአንዲት ትንሽ ተራራማ አገር የመጣ ሲሆን የሠሩትም ጥቂት ጓደኛሞች ካሜራ ተውሰው ነው። አባታቸው ሞቶ እናታቸው የቀረቻቸው ሁለት ወንድማማቾች በአንድ የውሃ ወፍጮ ይጣላሉ። ታናሽየው ከከተማ መጥቶ ድርሻዬን ሸጬ ልሂድ ይላል፤ ታላቅየው የአባቴ ወፍጮ አይሸጥም ይላል። አንድ ማለዳ የወፍጮው ቦይ ተዘግቶ ይገኛል። ማን እንደዘጋው አይነገረንም፤ የምናየው ድንጋይ የሚያንከባልል አንድ እጅ ብቻ ነው። በመጨረሻ ታናሽየው ጓዙን ተሸክሞ ይወጣል፣ ታላቅየው በሩን ከፍቶ ይቆማል፤ በቃ። ታረቁም አልታረቁም የሚል የለም። ዘንድሮ ካየኋቸው ሁሉ ይበልጣል ብያለሁ፤ አሁንም እላለሁ።

ፊልም የሚያከፋፍለው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ግን አልተዋጠላቸውም። «አንቺና ሁለት ጓደኞችሽ ወደዳችሁት» አሉኝ። «ፊልሙ ሰኞ ወደ አገሩ ይመለሳል። ቅዳሜ የአምቦን አዳራሽ ከሞላ ግን አስቀርቼ በየክፍለ ሀገሩ አዞረዋለሁ።» ሲሸኙኝ እንዳዘኑልኝ ያስታውቁ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ጊንጪ

ከሆለታ ወዲህ ጉሙ ተገፈፈ። ባሕር ዛፍ የተጫኑ አህዮች፣ በየደጃፉ የተከመረ ጭድ፣ ወደ ሰሜን ደግሞ የጭልሞ ደን እንደ ጠቆረ ደመና። ጊንጪ እንደደረስን አውቶቡስ በአውቶቡስ ላይ ቆሟል። ሴቶች ትኩስ ቅቅል ድንች በመስኮት ያቀብላሉ፤ ድንቹ ከጨውና ከሚጥሚጣ ጋር ስሙኒ ነው። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ምሳችን ሽሮ ሆነ፤ እሱም ቢሆን እየተንተከተከ የመጣ።

በትምህርት ቤቱ አዳራሽ መጀመሪያ የዘፈኑን ፊልም አሳየን። ጀግናው በጥይት ከተመታ በኋላ አራት ስንኝ ይጨምራል። አልጠላውም፤ ቀለሙ ያምራል፣ ሰው አብሮ ያጨበጭባል። ነገር ግን ሳለቅስ ማን እንዳስለቀሰኝ ማወቅ እወዳለሁ፤ እዚያ ላይ የሚያስለቅሰው ቫዮሊኑ ነው። የጦርነቱ ፊልም ደግሞ፣ ሳልዋሽ፣ ከተዋናዮቹ ሁሉ ታንኩ ይሻላል።

ቀጥሎ የኔው መጣ። ግርጌው ላይ የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በማይክራፎን ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ካሳደግሁ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ ቃል አይዘልም። ጽሑፉ ሲያልፍ እኔ ገና የፊተኛውን እያስተካከልኩ ነበር።

«እሜቴ፣ ወፍጮው ቶሎ ይፍጭና እንሂድ» አለ አንዱ ከኋላ።

«ተዋት፣ እህሉ እርጥብ ሆኖባት ነው» አለ ሌላው።

ከውጭ አውቶቡስ ጥሩምባውን ሲነፋ ግማሹ ሰው ተነሥቶ ወጣ። ከቀሩትም ከፊሎቹ እያንኮራፉ ነበር። ጋሽ አየለ ፊልሙን እየጠቀለለ አጽናናኝ፤ «የተኙት ከተቆጠሩ አዳራሹ ባዶ አይባልም።»

ረቡዕ ማምሻ፣ አምቦ

የአምቦ አዳራሽ ኃላፊ ኦቦ ነገራ ከፍል ውሃው ወጥተው ፎጣ በትከሻቸው ጣል አድርገው አገኘናቸው። ሰፊ ሰው ናቸው፤ ሲስቁ ፎጣው ይንቀጠቀጣል።

«አካም ኦልተን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ጊንጪ ላይ ሰው ስታስተኙ ዋላችሁ አሉ።»

ወሬው በአውቶቡስ ቀድሞናል።

«የመንገድ ድካም ነው» አልኩ።

«የማን? የናንተ ወይስ የተመልካቹ?» ወንበር ሳቡልኝ። «ይኸውልሽ እህቴ፣ ቅዳሜ ዘፈኑን አሳያለሁ ብዬ ከተማውን አስለፍፌአለሁ። ፊልም ማለት ሲያልቅ ማለቁ የሚታወቅ ነው። ያንቺው በሩን ከፍቶ ይተወዋል አሉ።»

«በር ካልተዘጋ ታሪክ አያልቅም ያለው ማን ነው?»

«እኔ። አዳራሽ ጠባቂ ነኝ፤ በር ካልዘጋሁ ቤቴ አልገባም።»

ጋሽ አየለ ሳቀ። በመጨረሻ ኦቦ ነገራ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ነገሩን ቆረጡት። «ነገ እጃጂ አይደላችሁ? እዚያ ሰው እስከ መጨረሻው ከተቀመጠ ቅዳሜ ያንቺ ነው። ከተነሣ ዘፈኑ ይታያል፤ አንቺም አትቀየሚኝም።»

ተስማማሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ሐሙስ፣ እጃጂ

ጉደር ላይ መንገዱ ግራና ቀኝ ሽንኩርት ነው። ከዚያ ወዲያ አስፋልት የለም፤ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይንኮሻኮሻል። ጌዶ ላይ ብርዱ ጋቢ አስለበሰን፣ ቁልቁለቱን ስንወርድ ደግሞ አስወለቀን። እጃጂ ስንደርስ ቅቤ የጠጣ ጩምቦ፣ ወፍራም ቂጣ ነው፣ ከነአይቡ ቀረበልን። ጋሽ አየለ ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ ማንንም አልተቆጣም።

የገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ መስኮቶቹ መዝጊያ የላቸውም። በቀን እንዴት እናሳያለን ስንል ሰዉ ጋቢውን እያወለቀ መስኮቶቹ ላይ ሰቀለልን፤ አዳራሹ ጨለመ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አዴ ጫልቱ ከነነጭ ካፖርቷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ በአማርኛ፣ እሷ በኦሮምኛ፣ ማይክራፎኑን እየተቀባበልን ጀመርን። የኔን ረጅም ዓረፍተ ነገር በሁለት ቃል ትጨርሰዋለች።

«ሁሉንም አልሽው?» እላታለሁ።

«የሚያስፈልገውን።»

የተነሣ ሰው የለም። እጁ ድንጋዩን ሲያንከባልል አዳራሹ «እህ!» አለ። ታላቅየው በሩን ከፍቶ ቆመ፣ መጋረጃው ነጭ ሆነ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከፊት የተቀመጡት ኦቦ ጉደታ፣ የአገሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ወደኔ ዞሩ።

«ታዲያስ?»

«አለቀ፣ አባቴ።»

«አስታራቂ አልመጣም'ኮ።»

«አይመጣም። ፊልሙ እዚህ ላይ ያበቃል።»

«የአንድ እናት ልጆች እንዲህ ተጣልተው ጥላችኋቸው ልትሄዱ ነው?»

ሰው ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። አግዳሚ ወንበሮቹ እንዲዞሩ አዘዙ። በዚህ አገር ጠብ ሲታይ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ጃርሱማ ይሉታል። ጠበኞቹ መጋረጃ ላይ መሆናቸው ማንንም አላገደም።

«ቦዩን የዘጋ ነው ጥፋተኛ» ተባለ። ግን ማን?

«ታናሽየው ነው» አለች አዴ ጫልቱ። «ከተሜ ነው፤ እጁ ልስልስ ነው። እኔ ስንቱን እጅ ሳጥብ ነው የምውለው።»

«እናትየዋ ናት» አሉ አንዲት ባልቴት ከጥግ። «ሁለቱም ሊከፍቱ አብረው ይወጣሉ ብላ ነው። እኔም ብሆን እዘጋዋለሁ።»

«እሱማ እርስዎ የኛንም ዘግተዋል» አላቸው ጎረቤታቸው፤ ሳቁ ጋቢዎቹን አወዛወዘ።

ኦቦ ጉደታ ወደኔ ዞሩ። «አንቺስ?»

«ታላቅየው ነው። እጅጌው ሰፊ ነው። ጋዜጣ ላይም ጽፌዋለሁ።»

«መጻፍሽን ሰማን። መሐላ ፈጽመሻል?»

«አልፈጸምኩም።»

«እንግዲያው እንዳንዳችን ነሽ፤ ተቀመጪ።» ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። «ምስክር ደግሞ ሳይሰማ ፍርድ የለም። እጁ እንደገና ይታይ።»

ጋሽ አየለ ጄኔሬተሩን ከፍቶ አየ። «አባቴ፣ የቀረው ቤንዚን አምቦ የሚያደርሰን ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። «ቀጠሮው ለቅዳሜ» አሉ ኦቦ ጉደታ፣ «አምቦ።»

ዓርብ፣ ወደ አምቦ መመለሻ

ኦቦ ነገራ አዳራሹ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። «ተቀመጡ?» አሉ።

«መቀመጡንማ ተቀመጡ» አለ ጋሽ አየለ። «እስካሁንም የተነሡ አይመስለኝም።»

ነገሩን ስነግራቸው ፎጣ ባይኖራቸውም ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ቃላቸውን ግን አላጠፉም፤ የዘፈኑን ማስታወቂያ በገዛ እጃቸው አነሡት። ሽማግሌዎቹ ለአንድ እጅ ብለው ያን ሁሉ መንገድ ይመጣሉ ብሎ ማን ያምናል?

ቅዳሜ፣ አምቦ

በስምንት ሰዓት ግድም አንድ የጭነት መኪና ከእጃጂ ደረሰ። ኦቦ ጉደታ ከሾፌሩ አጠገብ፣ የቀሩት ከኋላ እህል ላይ። አዴ ጫልቱም ሥራዋን ለባልደረባዋ ሰጥታ መጥታለች። መኪናው በጌዶና በጉደር ሲያልፍ ወሬውን እየዘራ ስለነበረ ከየከተማው የተከተለ ሰው አለ። ታላቅየው ዘጋ የሚለው ወገንና ታናሽየው ዘጋ የሚለው ወገን እንደ ሠርግ ቤት በግራና በቀኝ ተቀመጠ፤ እናትየዋ ናት የሚሉት ሴቶች መሐሉን ያዙ። የአምቦ ሰው ምን መጣ ብሎ ገብቶ ቆመ። ኦቦ ነገራ በሩን ሊዘጉት ቢሞክሩ በሰው ብዛት አልገጠም አላቸው።

ፊልሙ ተጀመረ። እንዲህ ያለ ተመልካች ገጥሞኝ አያውቅም፤ የጫማ ቁመት፣ የእጅጌ ስፋት ሳይቀር ይመረምራል። ቀርፋፋ የተባለው ፊልም ፈጠነባቸው። ቦዩ ሊዘጋ ሲል ከኋላ አንድ ሰው ማውራት ጀመረ።

«ጸጥ!» አሉ ኦቦ ነገራ ከበሩ። «ምስክሩ እየተናገረ ነው።»

እኔም ማይክራፎኑን ዝቅ አደረግሁ። እጁ ታየ፣ ድንጋዩን አንከባለለ፣ አለፈ።

«አያችሁ!» አለ የግራው ወገን።

«አየን እንጂ!» አለ የቀኙ።

ሁሉም የየራሱን አየ። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ኦቦ ጉደታ ተነሡ። «ምስክሩ ፈጣን ነው» አሉ። «ለሚመጣው ቅዳሜ ይቀጠር።»

ኦቦ ነገራ ወደ ስልኩ ሄዱ። ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ምን እንዳሏቸው በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ «ሰኞ አይመለስም፣ ጌታዬ። ክርክር ላይ ነው።» ከወዲያ በኩል ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየሁት ድምፅ መጣ። ኦቦ ነገራ ስልኩን ዘግተው «ይቆይ ብለዋል፤ ከኛ በኋላ ነቀምቴም ይፈልገው ይሆናል» አሉኝ።

እሑድ፣ ወደ ቤት

ጋሽ አየለ ጊንጪን ሲያልፍ ፍጥነት ጨመረ፤ የወፍጮውን ነገር የሚያነሣብን እንዳይኖር ይመስለኛል። ጭልሞ ላይ ዝናብ ያዘን። «ለኔ እንኳ ንገሪኝ፣ እታለም» አለ ጋሽ አየለ። «በእውነት ማን ነው የዘጋው?»

«ቀጠሮው ቅዳሜ ነው» አልኩትና እግሬን ዘረጋሁ። ቦታው ሰፍቶልኛል፤ አንዱ ፊልም አምቦ ቀርቷል።