የአባቴን ሌንስ ይዤ ወደ ሐይቅ

ንጋት 12 ሰዓት፣ ውጫሌ

አምባሰል ገና ጭጋጉን አልገፈፈም። ካሜራውን በአሮጌ ፎጣ ጠቅልዬ ስወጣ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች።

«ያባትሽን ሌንስ ይዘሽው ትመለሻለሽ፤ ሰማሽ?»

«እሺ እማ» አልኩ። የምሄደው ግን ልለውጠው ነበር።

ከደሴ እንግዶችን ወደ አዋሽ ፓርክ የሚያመላልስ ሾፌር በሚቀጥለው ሳምንት ፎቶ አንሺ አድርጎ ሊወስደኝ ተስማምቷል፤ ይህን እናቴም ታውቃለች። የአባቴ ሌንስ አጭር ነው፤ የሰርግና የመታወቂያ ፎቶ ያነሳበት የነበረ፣ ሰውን ከሁለት እርምጃ የሚያይ። ሳላና ከርከሮ ደግሞ ቅረቡ ቢሏቸው አይቀርቡም። ሐይቅ ከተማ ፎቶ ቤት ያላቸው ጋሽ ይመር አንድ ያገለገለ ረጅም ሌንስ አላቸው። በአባቴ ሌንስ ሊለውጡልኝ ፈቅደዋል። ሁለቱንም ለመያዝ አቅሜ አይደርስም።

2 ሰዓት፣ ሐይቅ ከተማ

«ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ፎቶ ቤቱን አልፌ ገበያው ጋ ወረድኩ። የሚኒባሱ ሾፌር «እህቴ፣ ዝም ብለሽ ደሴ ልትገቢ ነበር እኮ!» ብሎ ሳቀብኝ።

ጋሽ ይመር ረጅሙን ሌንስ ገጠሙልኝ። ክብደቱ እጄን ጎተተው።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሞክሪው። አባትሽ ቢያይሽ ይስቅ ነበር። እሱ እኮ አፍንጫ ስር ካልቆመ ፎቶ አይወጣለትም!»

4 ሰዓት፣ የገዳሙ በር

ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ ያው የበሰለ ዘይቱን ፍሬ ሽታ አለው። ልጅ ሳለሁ ከአባቴ ጋር ነበር የምመጣው። መነኮሳቱ የመታወቂያ ፎቶ ሲፈልጉ እሱን ያስጠሩት ነበር። ገዳሙ ሴት አያስገባም፤ እኔ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ዘይቱን እበላለሁ። አባቴ ሲወጣ ወሬው አንድ ነው፤ ከውስጥ ውሃው ዳር ደረቅ ዛፍ አለ፣ ጥቋቁር ወፎች ክንፋቸውን እንደ ልብስ ያሰጡበታል። እናቴ «ወፍም ልብስ አጣቢ ሆነ!» እያለች ትስቅበታለች። እስኪሞት ድረስ አላመነችውም፤ አላህ ይዘንለት።

በር የሚጠብቁት አባ አወቁኝ።

«የከማል ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ፣ አባ።»

«እግዜር ነፍሱን ይማር። መታወቂያዬ ላይ ያለው ፎቶ የሱ ነው። አሁን አሳድስ ብለውኛል፤ እስቲ አንሺኝ።»

በረጅሙ ሌንስ አየኋቸው፤ ብዥ አሉ። ወደ ኋላ ሄድኩ። ጥርት ሲሉ ደግሞ ጢማቸው ብቻ ሞላብኝ። እንደገና ወደ ኋላ።

«ልጄ፣ ከማዶው ከአርዲቦ ሐይቅ ሆነሽ ነው የምታነሺኝ?» ብለው ጮኹ።

ሳቄን ይዤ ተመለስኩና የአባቴን ሌንስ ገጠምኩ። ቀረብኩ። አባቴ ሲያነሳ ሁልጊዜ የሚላትን ነገር ለማለት አፈርኩ። አባ ራሳቸው አሉልኝ፦ «አገጭ ዝቅ፣ ዓይን ወደኔ!»

ያን ጊዜ ላለመለወጥ ወሰንኩ። አዋሽም ይቅር አልኩ።

ልሰናበታቸው ስል «አባ፣ የወፎቹ ዛፍ አሁንም አለ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«አለ። ያ ውሃው ዳር ያለው ጭረት ነው፤ ከዚህ ለዓይን አይሞላም።»

ረጅሙን ሌንስ መልሼ ገጠምኩ። ትንፋሼ ሁሉን ያንቀጠቅጠዋል። አባቴ እንዳስተማረኝ የድንጋዩን አጥር ተደግፌ ትንፋሼን አውጥቼ ያዝኩ። ዛፉ መጣ። ወፎቹ መጡ። ክንፋቸውን ዘርግተው፣ ልክ የገበያ ማግስት እንደታጠበ ልብስ። ስንት ዓመት በሩ ላይ ተቀምጬ ያላየሁትን አየሁ፤ አነሳሁትም። ይህን ሌንስ መመለስ እንደማልችል ያኔ አወቅኩ።

9 ሰዓት፣ ፎቶ ቤት

የአባን ፎቶ ጋሽ ይመር አጥበው ሊልኩላቸው ተቀበሉኝ። የአባቴን ሌንስ በሻሼ ጫፍ ጠርጌ ሰጠኋቸው።

«አይቆጭሽም?» አሉኝ።

የመስታወት ሳጥኑ ውስጥ ሲያስቀምጡት እስከመጨረሻው አየሁት።

12 ሰዓት፣ ቤት

«ሌንሱስ?» አለች እናቴ፣ ገና ሳልቀመጥ።

የወፎቹን ፎቶ ከፍቼ ካሜራውን ሰጠኋት። ፊቷ ተቆጥቶ ነበር። ከዚያ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደችው፤ አስጠጋችው፤ ወፎቹን በጣቷ አንድ በአንድ ነካቻቸው።

«ለካ እውነቱን ነው» አለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ስንት ጊዜ ሳቅኩበት።»

ካሜራውን ስትመልስልኝ ስለ ሌንሱ ድጋሚ አልጠየቀችኝም።

«የአዋሽ እንስሶቹንም እንዲህ አምጪልኝ» አለችኝ።