ጎራ የሌለው አግዳሚ፦ ጋሽ ከድር ይማምን ለምታውቁ ሁሉ

ጋሽ ከድር ይማም ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ የሱብሂ ሶላታቸውን ሰግደው ጋደም እንዳሉ፣ በዚያው አርፈዋል። በዕለቱም እዚሁ አዳማ ተቀብረዋል። ከመቂ፣ ከዝዋይና ከሻሸመኔ «እኛ ሳንደርስ!» ብላችሁ ያዘናችሁ ወዳጆቻቸው እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ምን ይደረግ፤ የሙስሊም ቀብር እንደኛ ባቡር አይደለም፣ በሰዓቱ ይነሣል።

ይህን የምለው በድሮው ባቡር ላይ ቲኬት ስቆርጥ ያረጀሁት ታደሰ ነኝ። ባቡሩ ቀድሞኝ ጡረታ ወጣ፤ እኔም ተከተልሁት። ቤተሰቡ ስለ ጋሽ ከድር ጥቂት እንድጽፍ የጠየቀኝ ብዕሬን አምኖ እንዳይመስላችሁ። ቀኑን ሙሉ ሥራ የሌለው ሰው ሲፈለግ መጀመሪያ የምገኘው እኔ ስለሆንሁ ነው።

ጋሽ ከድር የተወለዱት ወሎ ነው። በልጅነታቸው በጭነት መኪና ረዳትነት ወጥተው፣ ኋላም መሪ ጨብጠው፣ የአሰብን መንገድ እንደ ደጃቸው አወቁት። ዓይናቸው ሲደክም «መንገዱ ሳይጥለኝ እኔ ልተወው» ብለው መሪውን ለቀቁና ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያችን የቆርቆሮ ኳስ ቤት ከፈቱ። አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ጣሪያው ላይ አንድ ዲሽ፣ ውስጥ ደግሞ ከአጠና የተመቱ አግዳሚ ወንበሮች። የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው መሰላል ላይ ወጥተው ጣሪያውን በባልዲ ውሃ ያጠጡት ነበር።

«ምን ተክለህበት ነው የምታጠጣው?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«ያንተን ራስ ነው የማጠጣው። ምናልባት ቢበቅልበት።»

ራሰ በራ መሆኔን የማታውቁ ካላችሁ ይኸው አወቃችሁ።

ማታ ማታ የእንግሊዝ ኳስ ሲኖር ቤቱ በሁለት ጎራ ይከፈላል። በግራ የተቀመጠ ወደ ቀኝ አይሻገርም፤ ወንድማማቾች እንኳ ተለያይተው ተቀምጠው አይቻለሁ። ጋሽ ከድር ይህን አይወዱትም ነበር፤ እንጀራቸው ነውና ግን ያሳያሉ። የሚወዱት የቀኑን ኳስ ነው። የእስያ አገሮች ክለቦች እርስ በርስ የሚገጥሙበት ውድድር አለ። ጃፓንና ኮሪያ ሲመሽ እኛ ጋ ገና የምሳ ሰዓት ስለሆነ ጨዋታው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ይገባል። በዚያ ሰዓት የሚመጣው ጡረተኛ፣ ገበያው የተፈታለት ነጋዴና ተራ የሚጠብቅ ሹፌር ነው። የክለቦቹን ስም ጠርቶ የሚጨርስ ስላልነበረን «ጃፓኖቹ»፣ «ኮሪያዎቹ» ብለን እናልፋቸዋለን።

«የእንግሊዙ ኳስ ላይ ሁሉም ርስት አለው» ይሉ ነበር ጋሽ ከድር፤ «ይኼኛው ግን እንደ ባሕር ነው፣ ማንም አጥር አላጠረበትም። የተጣላ ሰው መገናኘት ያለበት እንዲህ ያለ ቦታ ነው።»

ጨዋታውን የሚያሳየው ጣቢያ የአረብ ነበርና ጋሽ ከድር ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው የኮሜንታተሩን ንግግር ይተረጉሙልናል። «ኮሜንታተሩ ምን አለ መሰላችሁ» ብለው ነው ሁልጊዜ የሚጀምሩት። «ይህ ልጅ በግራ እግሩ ሲመታ የእናቱ ምርቃት አለበት አለ።» «ይህ በረኛ ዛሬ ከሚስቱ ጋር ሳይስማማ ነው የወጣው አለ።» እኛም እናምናለን። የአረብ ኮሜንታተር የማያውቀው ነገር የለም ብለን እንደነቅ ነበር።

አሁን ወደ አንዱ የውድድር ዘመን ልውሰዳችሁ፤ ሰውየውን የምታዩዋቸው እዚያ ላይ ነው።

ኦቦ ቱሉን የማያውቅ የለም፤ ከመቂ ሽንኩርት እያስጫኑ አዳማ የሚያራግፉት ናቸው። ጫልቱ የምትባል ልጃቸው፣ በሻሸመኔ መስመር ሚኒባስ የሚነዳ ዳንኤል የሚባል ልጅ ወደደችና፣ ሽማግሌ ሳይላክ፣ ደጅ ሳይጠና፣ ሁለቱ ብቻቸውን ጎጆ ወጡ። ለኦቦ ቱሉ ይህ መደፈር ነበር። «ደጄን የረገጠ ሽማግሌ የለም፤ እንግዲህ አማችም የለኝም» አሉና በሩን ዘጉ። ዘግይቶ ሽማግሌ ተላከ። እኔም አለሁበት።

«ታደሰ» አሉኝ ኦቦ ቱሉ ከደጃቸው ላይ፣ «ባቡሩ ከሄደ በኋላ ነው ቲኬት የምትቆርጠው?»

እኔም የመጣሁበትን መንገድ ይዤ ተመለስሁ።

መስከረም ላይ የእስያው ውድድር ሲጀመር ጋሽ ከድር ጠሩኝ። «ሁለቱም የቀን ኳስ ይወዳሉ። አንዱ በሚመጣበት ቀን ሌላው አይመጣም እንጂ። እሱን ለኔ ተወው። ያንተ ሥራ መሃል መቀመጥ ነው።»

«ምን ልበል?»

«ምንም አትበል። አንተ ስትናገር ነው ነገር የሚበላሸው።»

በጨዋታው ቀን ስደርስ ቤቱ ውስጥ አንድ አግዳሚ ብቻ ቀርቷል። «የሌሎቹ ምስማር ላልቶ አናጢ ጋ ላክኋቸው» አሉ ጋሽ ከድር፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው። ሌላው ሰው ጀሪካንና ብሎኬት ላይ ተቀመጠ። ኦቦ ቱሉ በአግዳሚው አንድ ጫፍ፣ ዳንኤል በሌላው ጫፍ፣ እኔ መሃል። ከፊታችን በርጩማ ላይ አንድ ሳህን ቆሎ።

«ታደሰ፣ ለዚያ ሹፌር ንገረው። ራሱን ዝቅ ያድርግ፤ ኮርነሩ አልታየኝም።»

«ጋሽ ታደሰ፣ ለአባባ ይንገሩልኝ። ኮርነር አይደለም፤ ኳሱን ያወጣው አጥቂው ነው።»

መልእክት ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሳደርስ አንገቴ ዛለ። በሁለተኛው ጨዋታ ላይ ግን እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ኦቦ ቱሉ በኔ ራስ ላይ አልፈው «ኦፍሳይድ ነው!» ይላሉ፤ ዳንኤል «አይደለም አባባ!» ይላል። ቀና ልል ስል ጋሽ ከድር በጆሮዬ «ደግመህ ተኛ!» አሉኝ። በሽምግልና ዘመኔ የተሳካልኝ ሥራ ያ እንቅልፍ ብቻ ነው።

ነገሩ ግን እዚያው ላይ ቆመ። ስለ ኳስ ይነጋገራሉ፤ ስለ ጫልቱ አንድም ቃል የለም። ጨዋታው ሲያልቅ ኦቦ ቱሉ እስኪወጡ ዳንኤል ጫማውን እያሰረ ይቆያል። ከዚያም አልፎ ኦቦ ቱሉ ጃፓኖቹን ያዙ፤ ዳንኤል ከጃፓኖቹ ጋር የሚገጥመውን ሁሉ ያዘ። ጋሽ ከድር ራሳቸውን ይዘው «እስከ ጃፓን ድረስ ሄደው አጥር አጠሩ!» አሉ። ባሕሩ አይታጠርም ያሉት እሳቸው ናቸውና ይህችን ስሕተት እኔ አልረሳሁላቸውም።

በጥምቀት ሰሞን ጫልቱ ሴት ልጅ ወለደች። ውድድሩ ከዕረፍት ተመልሶ ሲቀጥል ጋሽ ከድር ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው፣ «ኮሜንታተሩ ምን አለ መሰላችሁ፦ ከተጫዋቾቹ አንዱ ሰሞኑን ሴት ልጅ ተወልዳለታለች። እናቲቱም ደህና ናት አለ» አሉ። ዳንኤል አቀረቀረ። ኦቦ ቱሉ ከስክሪኑ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ «ታደሰ፣ ለከድር ንገረው። ኳሱን ይተርጉም» አሉ። አያት መሆናቸውን የሰሙት በዚህ ዓይነት ነው።

ያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ሰሞን ገቡ። ጋሽ ከድር እስከ መግሪብ፣ ኦቦ ቱሉና ዳንኤል እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም፤ ሳህኑ ግን በቦታው ይቀመጣል። እኔ አንድ ቀን እንቅልፍ የያዘኝ መስዬ ጥቂት ፍሬ ቆሎ ወደ አፌ ስወረውር፣ «ኮሜንታተሩ ምን አለ መሰላችሁ፦ መሃል ሜዳ ላይ ያለው ሽማግሌ ጾም ገደፈ!» ብለው ቤቱን ሁሉ አሳቁብኝ።

ረመዳን ወጥቶ፣ ሁዳዴ ሊያልቅ ሲቃረብ የግማሽ ፍጻሜው መልስ ጨዋታ መጣ። ጃፓኖቹ ኮሪያ ሄደው አንድ ለባዶ ተሸንፈው ነበር። በሜዳቸው፣ በሚወርድ ዝናብ ውስጥ፣ ገና ሳንደላደል ሦስት አገቡ። ኦቦ ቱሉ ኮፍያቸውን ወረወሩ፤ የወደቀው እኔ ላይ ነው። ወዲያው ከጃፓኖቹ አንዱ በቀይ ወጣ። ኮሪያዎቹ ሁለት መለሱ፤ የሁለቱ ጨዋታ ድምር እኩል ሆነ። ከዚያ በኋላ ጃፓኖቹ በዐሥር ሰው ግባቸው ሥር ተሰብስበው መከላከል ብቻ። መደበኛው ሰዓት አለቀ፤ ተጨማሪ ሰዓት ገባ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፤ ጾሙን ያስታወሰ የለም።

በዚህ መሃል ዳንኤል ሳይታወቀው «አይዟችሁ! አይዟችሁ!» አለ፤ ለጃፓኖቹ።

ኦቦ ቱሉ ዘወር ብለው አዩት። «አንተ የማን ነህ?»

«ዛሬስ ሰው የጎደለበት ቡድን ነኝ፣ አባባ።»

በኔ በኩል ያላለፈ የመጀመሪያው ከኳስ የዘለለ ንግግራቸው ይህ ነው። ተጨማሪው ሰዓት አለቀ፤ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄዱ። የመጀመሪያው መቺ ኳሱን አስቀምጦ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ፣ ድርግም! መብራት ሄደ።

በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ብቻ ይታያል። በዚያ ድንግዝግዝ ውስጥ ጋሽ ከድር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኮሜንታተሩ ምን አለ መሰላችሁ፦ ሰው ጎድሎበት ይህን ያህል የቆመ ቤት አላየሁም። ግን እስከ መቼ ጎድሎ ይቆማል? አለ።»

«ከድር!» አሉ ኦቦ ቱሉ።

«አቤት።»

«መብራት ሄዷል እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ማነው የሚናገረው?»

ጋሽ ከድር አላፈሩም። «መብራት የሄደው እኛ ጋ ነው። እሱ ጋ አልሄደም።»

ኦቦ ቱሉ መጀመሪያ አጉተመተሙ፤ ከዚያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ። «አንተ የአሰብ ውሸታም! ዓመቱን ሙሉ!» ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ዳንኤል ተነሣ፤ ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ ከፊታቸው ጎንበስ አለ። «ዘጠኝ አልፏል አባባ። ይቅመሱ።»

ኦቦ ቱሉ ሳህኑን አዩት። ልጁን አዩት። አንድ ጭብጥ አፈሱና ቀስ ብለው ማኘክ ጀመሩ።

«ማን አላችኋት?» አሉ።

«ማንን?» ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ከድር እግሬን ረገጡኝ።

«ስም የላትም» አለ ዳንኤል። «ጫልቱ፣ ስም የሚያወጣላት አያት አላት ብላ እምቢ አለች።»

«ፊቷን ሳላይ ምን ብዬ ነው ስም የማወጣው?» አሉ ኦቦ ቱሉ፣ ልጁን እየተቆጡ። ኮፍያቸውን ከጭኔ ላይ አንሥተው ወጡ። ዳንኤል ተከተላቸው። ከበሩ ብቅ ብለን ስናይ የሚኒባሱን የጋቢና በር ከፍቶላቸው፣ ደግፎ አስገባቸው።

መብራቱ ሲመለስ ጃፓኖቹ ዝናቡ ውስጥ ተቃቅፈው ይዘላሉ። ማን አገባ፣ ማን ሳተ፣ አላየንም። ኮሜንታተሩ እየጮኸ ነበር፤ «ምን አለ?» አልኋቸው ጋሽ ከድርን። «ተወው፣ እሱ ዛሬ ምንም አላየም» ብለው ቴሌቪዥኑን አጠፉት።

ፍጻሜው ላይ ጃፓኖቹ በሜዳቸው አሸንፈው፣ አረብ ኤምሬትስ ሄደው ክፉኛ ተሸነፉ። «ዋንጫው አመለጠን» ብላቸው፣ «የኔ ዋንጫ በጋቢና ተቀምጦ ሄዷል» አሉኝ። ለማንም ግን አላወሩም። ኦቦ ቱሉም ቢሆኑ እስከ ዛሬ «ከድር አስታረቀን» አይሉም፤ «ያን ዕለት መብራት ሄዶ ነበር» ነው የሚሉት።

በቀብሩ ቀን ቃሬዛውን በአንድ በኩል ኦቦ ቱሉ፣ በሌላው በኩል ዳንኤል ተሸክመውት ነበር። እኔ ልሸከም ብጠጋ «አንተን ደግሞ ማን ይሸከማል?» ብለው መለሱኝ። ድንኳኑ ውስጥ ያስቀመጡን በዚያው የኳስ ቤት አግዳሚ ላይ ነው። እዚያ ተቀምጬ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ዘሃራ ስለ ኮሜንታተሩ አጫወትኋቸው። «መብራት ሲሄድ የጨመሩት ተረት እንኳ ቢሆን» አልኋቸው፣ «አረብኛውን ግን መቼም አሳምረው ያውቁት ነበር።»

ወይዘሮ ዘሃራ በለቅሶ ባበጠ ዓይናቸው አዩኝ። «ከድር? ከሶላት ውጭ አረብኛ የት ያውቃል!»

ጋሽ ከድር፣ ዕድሜዬን ሙሉ አንተ ስልዎ ኖሬ ዛሬ አንቱ ማለቴን ቢሰሙ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ። የእስያው ውድድር እንደገና ጀምሯል። አብረው ጋራዥ የከፈቱ ሁለት ወንድማማቾች ተኳርፈው፣ አንዱ በመጣበት ቀን ሌላው አይመጣም። ከአንዱ በቀር አግዳሚዎቹን ሁሉ «ምስማራቸው ላላ» ብዬ አውጥቻለሁ። መሃል የሚተኙት ኦቦ ቱሉ ናቸው፤ ከኔ ይበልጥ ያንኮራፋሉ። ቆሎውን የምታቀርበው ስም ያወጡላት የልጅ ልጃቸው ናት፤ ግማሹን መንገድ ላይ ትበትነዋለች። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የምቆመው እኔ ነኝ። አረብኛ አላውቅም፤ ይህ ለሥራው እንደማያስፈልግ እርስዎ አሳይተውኛል።

ኮሜንታተሩ ምን አለ መሰልዎ፣ ጋሽ ከድር፦ መንገዱ ረጅም ነው፣ ሹፌሩ ግን የለመደ ነው፤ በደህና ይግቡ አለ።