የሙሽራዋ የላባ ብርድ ልብስ

ያጠብኩትን የላባ ብርድ ልብስ ከማድረቂያው ሳወጣ፣ የእርጥብ ዶሮ ሽታው ወደ ልጅነቴ ሰመራ ወሰደኝ።

የእህቴ ሰርግ ዕለት ነው። አማቶቿ ከጅቡቲ ያመጡላት የላባ ብርድ ልብስ ላይ ሻይ ፈሰሰበት። አክስቴ ዘሃራ ሳፋ ውስጥ ነክራ እኛን ልጆቹን አስረገጠችን።

"በዚህ ሙቀት ማን ሊለብሰው ነው?" ብለን ሳቅን።

"ዝም ብላችሁ እርገጡ! እንዳትጠመዝዙት፣ ላባው ይሰባበራል። ሙሽራው ሳይደርስ ካልደረቀ ጉዳችን ነው!"

ፀሐይ ላይ ጫፍ ጫፉን ይዘን እየጮህን ወደ ላይ ወረወርነው። የጓጎለው ላባ እየተነፋ መጣ። ወዲያው ከጎረቤት ከተማ ከሎጊያ በኩል የሙሽራው መኪኖች ክላክስ ተሰማ። አክስቴ "ቢስሚላህ" ብላ እጇን መሐሉ ላይ ጫነች።

"ገና እርጥብ ነው! ወርውሩት፣ ልጆቼ፣ ወርውሩት!"

እኔም ዛሬ ቢስሚላህ ብዬ መሐሉን ዳሰስኩት። ገና ነው። ጫፉን ይዤ ብቻዬን ወደ ላይ ወረወርኩት።