በላም ቀናሁ

ዛሬ ላብራቶሪ ውስጥ እልልታ ቀለጠ። ለእኔ አልነበረም።

አብራኝ ማስተርስ የምትማረው ለተብርሃን ከላም ደም የወሰደቻቸው ሴሎች ማይክሮስኮፕ ሥር አረንጓዴ በሩላት። የእኔ የዶሮ ሴሎች ድቅድቅ ጨለማ!

ሴሉ ላይ ተጣብቆ አረንጓዴ የሚያበራውን አንቲቦዲ እኮ ከአንድ ብልቃጥ ነው የቀዳነው። የተሠራው ሴል «እንግዳ አይደለሁም» ብሎ ራሱን የሚያሳውቅበትን የሰው ፕሮቲን እንዲለይ ነው። ፕሮቲኑ ሁለት ክፍል አለው፤ ሁለቱ ካልተገጣጠሙ አንቲቦዲው አያውቀውም። የላሟ የሰውን ስለሚመስል ወዲያው ያዘው። የዶሮዬን ዞር ብሎም አላየው።

አማካሪያችን ይባስ ብሎ «እስቲ ፎቶ አንሳት» አለኝ። አነሳኋት። የክፍላችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የለጠፍኩት ግን ዐይኗን የጨፈነችበትን ነው።

ከደሴ መቀሌ ድረስ የመጣሁት በላም ልቀና ነው?

ስወጣ ለተብርሃን በር ላይ ጠበቀችኝ። «አጆኻ ወንድሜ፣ ለዶሮ የሚሆን አንቲቦዲ እንዲፈልግልህ አማካሪያችንን ለምኜዋለሁ። ሲመጣ አብረን እንሠራዋለን» አለችኝ።

ይሄኔ ነው የባሰብኝ። ክፉ ብትሆን እኮ በሰላም እቀናባት ነበር።

እስቲ በደግ ሰው የቀናችሁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ውጡ። ብቻዬን አታስቀሩኝ።